ቻዋኔ ጠማማ ነው፣ ስመታውም አይጮኽም፦ የአንባቢያን ጥያቄዎች ስለ ቀዩ ራኩ

ሰላም ወዳጆች። ሰሞኑን የደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ አንድ ዕቃ ናቸው። ለጃፓን የሻይ ሥነ ሥርዓት በእጅ የሚሠራው ቀዩ የራኩ ጎድጓዳ ሳህን ነው። ጃፓኖች የሻይ ጎድጓዳውን ቻዋን ይሉታል፣ እኛም ከዚህ በኋላ እንደዚያው እንጠራዋለን። ይህን ዕቃ በጣም ስለምወደው አንዳንዱ መልስ ረዘም ቢል አትቀየሙኝ።

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። ጃፓን ደርሳ የመጣች ጓደኛዬ ከኪዮቶ ቀይ የራኩ ቻዋን አመጣችልኝ። በእጅ የተሠራ ነው ብላኛለች። ግን ክቡ ትክክል አይደለም፣ ከንፈሩ ወጣ ገባ ይላል፣ ግድግዳው ወፍራም ሆኖ ሲያነሱት ደግሞ ቀላል ነው። በጥፍሬ ስመታው «ዱብ» ይላል እንጂ አይጮኽም። ውስጡ ላይም ፀጉር የሚያክሉ ስንጥቆች አሉ። ጓደኛዬ ተሸውዳ ይሆን?

መልስ፦ አልተሸወደችም። እንዲያውም የዘረዘርሽው ሁሉ የራኩ መልክ ነው።

ራኩ በመንኮራኩር ላይ አይሠራም። ሸክላ ሠሪው ጭቃውን ጠፍጣፋ አድርጎ ይዘረጋና ጠርዙን በሁለት መዳፉ እያቀፈ ቀስ በቀስ ወደ ላይ ያነሳዋል። ጭቃው ትንሽ ሲጠነክር በመፋቂያ ከውስጥም ከውጭም እየፋቀ ቅርጹን ያወጣል፣ እግሩንም ከዚያው ጭቃ ፈልፍሎ ይሠራል። ስለዚህ ክብነቱ ከመዳፍ የመጣ ነው። በሁለት እጅሽ ስትይዢው የሠሪው መዳፍ ያለፈበትን ቦታ ጣቶችሽ ራሳቸው ያገኙታል። የከንፈሩ ከፍ ዝቅ ማለትም ታስቦበት ነው። ብዙ ሠሪዎች ጠርዙን ዙሪያውን ለስለስ ባለ ከፍታና ዝቅታ ያስኬዱታል።

ስለ ድምፁ ልንገርሽ። ቀዩ ራኩ በ800 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው የሚተኮሰው። ፖርሴሊን ግን ወደ 1,300 ዲግሪ ይጠጋል። በዚያ ሙቀት ጭቃው እንደ መስታወት ይጠጥራል፣ ስትመቺው የሚጮኸውም ለዚህ ነው። ራኩ እዚያ አይደርስም። ጭቃው ሸካራ ነው፣ ውስጡም ብዙ ቀዳዳና አየር ይቀራል። ቅለቱም፣ «ዱብ» ማለቱም ከዚህ ይመጣል። ዋናው ጥቅሙ ደግሞ ሙቅ ሻይ ሲገባበት ነው። አየሩ ሙቀቱን ስለሚያዘገየው እጅሽን አያቃጥልም፣ ሻዩም ቶሎ አይበርድም። ቀጭን ፖርሴሊን ውስጥ ያንኑ ሻይ ብታደርጊው በሁለት እጅ አቅፈሽ መያዝ ይከብድሻል።

ጥቃቅኖቹ ስንጥቆች ያሉት በሽፋኑ ማለትም በግሌዙ ላይ ነው። ጭቃውና ግሌዙ ሲቀዘቅዙ የሚኮማተሩት እኩል አይደለም፣ ስለዚህ ግሌዙ ይሰነጠቃል። ችግር የሚሆነው ስንጥቁ ግድግዳውን ዘልቆ ካለፈ ነው። ውኃ ሞልተሽ ትንሽ አቆዪውና ከውጭ እየተንጠባጠበ እንደሆነ እዪ። እግሩ ሥር ትንሽ ወዝ ቢታይ አትደንግጪ፣ እሱ የተለመደ ነው።

ጥያቄ፦ ጥቁር ራኩም አለ ሲሉ ሰማሁ። ከቀዩ ይበልጣል የሚሉ አሉ። እውነት ነው? ልዩነቱ ቀለም ብቻ ነው?

መልስ፦ ልዩነቱ ከቀለም በላይ ነው። የሚለያዩት እሳቱ ላይ ነው።

ጥቁሩ የሚሸፈነው ከኪዮቶው የካሞ ወንዝ አካባቢ በሚገኝ ብረት ያለበት ድንጋይ ነው። ድንጋዩ ይፈጭና እየተደራረበ ይቀባል። ከዚያ በትንሽ የከሰል ምድጃ፣ ወናፍ እየተነፋ፣ ከ1,000 ዲግሪ በላይ ይተኮሳል። ግሌዙ ሲቀልጥ ሠሪው ቻዋኑን እንደጋለ በጉጠት ይዞ ያወጣዋል። ድንገት መቀዝቀዙ ጥቁረቱን ያመጣዋል። ጥቁር ቻዋን ጎን ላይ አንዳንዴ የምታየው ጠባሳ የጉጠቱ ንክሻ ነው።

የቀዩ ቅላት ግን ከግሌዙ አይመጣም። የሚመጣው ከጭቃው ነው፣ ወይም ጭቃው ላይ ከተቀባው ብረት ካለበት አፈር። ከላዩ ጥርት ያለ ግሌዝ ይለብስና በዝቅተኛ ሙቀት ይተኮሳል። የከሰሉ ጭስና ነበልባል እዚህም እዚያም ሲነካው ግራጫ ደመና ይጥልበታል፣ አንዱ ጎን ብርቱካንማ ሌላው ጎን አመድማ ይሆናል። ሁለት ቀይ ራኩ አንድ ዓይነት የማይሆነው ለዚህ ነው። እኔ በበኩሌ ቀዩን የምወደው በዚህ ምክንያት ነው፣ እሳቱ የሄደበት መንገድ ይታያል።

ይበልጣል ወይ ላልከው፣ ነገሩ ከመጀመሪያው ጀምሮ አከራካሪ ነው። ራኩን ያስጀመሩት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱ ሴን ኖ ሪኪዩ ነው፣ ከ1522 እስከ 1591 የኖረው ታላቁ የሻይ መምህር። ሌላው ኪዮቶ ውስጥ ይሠራ የነበረው ቾጂሮ ነው። የቾጂሮ አባት ከቻይና የመጣ የሸክላ ባለሙያ እንደነበር ይነገራል። ሪኪዩ ከቻይና ይመጡ የነበሩትን ውድና እንከን የለሽ ዕቃዎች ትቶ ጌጥ የሌለው፣ ጸጥ ያለ ነገር ፈለገ፣ ቾጂሮም በእጁ ሠራለት። የዚያን ጊዜ የአገሪቱ ኃያል ሰው ቶዮቶሚ ሂዴዮሺ ግን ጥቁሩን ቻዋን አይወድም ነበር። ከሃካታ የመጣ አንድ ነጋዴ በዘመኑ በያዘው የሻይ ማስታወሻ ላይ ይህን ጽፎት አልፏል። ወርቅ የተለበጠ የሻይ ክፍል ያሠራ ሰው እኮ ነው፣ ጥቁር ጭቃ እንዴት ደስ ይበለው! በ1591 ሪኪዩ ራሱን እንዲገድል ያዘዘውም ይኸው ሂዴዮሺ ነው። የሞቱ ምክንያት እስካሁን ያከራክራል።

ዛሬ ብዙ የሻይ መምህራን ለወፍራሙ ሻይ፣ ብዙ ማቻ (የአረንጓዴ ሻይ ዱቄት) በጥቂት ውኃ ለሚዘጋጀው፣ ጥቁሩን ያስቀድማሉ። አረንጓዴው በጥቁር ላይ ጎልቶ ይታያል። ቀዩ ግን ለወፍራሙም ለቀጭኑም ያገለግላል። ከቾጂሮ እጅ የወጣው «ሙኢቺቡትሱ» የተባለ ቀይ ቻዋን እስከ ዛሬ ጃፓን ውስጥ በመንግሥት ጥበቃ ሥር ካሉ ቅርሶች አንዱ ነው። ታዲያ በምን ሒሳብ ያንሳል?

ጥያቄ፦ እኔ ሸክላ እማራለሁ። መምህራችን ዕቃውን ከምድጃ እንደጋለ አውጥተን ሰጋቱራ ያለበት በርሜል ውስጥ እንድንከተው አደረገን። ጭሱ ሰማይ ነካ፣ ዕቃው እንደ መዳብ አብረቀረቀ። ራኩ ነው ተባልን። ይህ ከጃፓኑ ጋር አንድ ነው? ሻይ ልጠጣበት?

መልስ፦ ስሙ ይገናኛል፣ አሠራሩ ግን ሌላ ነው። በ1911 እንግሊዛዊው በርናርድ ሊች ቶኪዮ ውስጥ አንድ ግብዣ ላይ ተገኘ። እንግዶቹ ዕቃ ላይ ሥዕል ይሥላሉ፣ ዕቃው ወዲያው ተተኩሶ ይሰጣቸዋል። ሊች በዚያች ቀን በሸክላ ፍቅር ተያዘ፣ ራኩ የሚለውንም ነገር ይዞት ወደ ምዕራቡ ተሻገረ። በ1960ዎቹ ደግሞ አሜሪካዊው ፖል ሶልድነርና ጓደኞቹ የጋለውን ዕቃ በሚቃጠል ነገር ውስጥ መክተት ጀመሩ። ጭሱ ኦክስጅኑን ስለሚሻማ ግሌዙ ውስጥ ያለው መዳብ እንደ ብረት ያብረቀርቃል፣ ግሌዝ የሌለበት ቦታም ይጠቁራል። አንተ የሠራኸው ይህንን ነው። ያምራል፣ የራሱ ጥበብ አለው፣ ግን የኪዮቶው ራኩ ሰጋቱራ አያውቅም።

አትጠጣበት። እንዲህ ያሉ ግሌዞች ብዙ ጊዜ ለምግብ ተብለው አይዘጋጁም፣ ዕቃውም ውኃ ያሳልፋል። መደርደሪያ ላይ አስቀምጠህ እየው።

ጥያቄ፦ የእኔ ፍርሃት እርሳስ ነው። በዝቅተኛ ሙቀት የሚተኮስ ግሌዝ እርሳስ አለበት ይባላል። ልጆችም አሉኝ።

መልስ፦ ፍርሃትዎ መሠረት አለው። ግሌዝ በ800 ዲግሪ እንዲቀልጥ የሚረዳው ነገር ያስፈልጋል፣ ለዘመናት ደግሞ ያ ነገር እርሳስ ነበር። አሁን ያለ እርሳስ የሚሠሩ አሉ። ስለዚህ ሲገዙ ሠሪውን ወይም ሻጩን በቀጥታ ይጠይቁ፦ ለመጠጥ ነው? እርሳስ የለበትም? መልሱ ከተድበሰበሰ ይተዉት። ማን እንደሠራው የማይታወቅ አሮጌ ቻዋን ካለዎትም አይጠጡበት፣ ለልጆችም አይስጡ። ሎሚ፣ ኮምጣጤ፣ የፍራፍሬ ጭማቂ በየትኛውም ራኩ ውስጥ አያስቀምጡ። አሲድ እርሳስን ከግሌዝ ውስጥ መዝዞ ያወጣል።

ጥያቄ፦ እሺ፣ ገዛሁት፣ ማቻም አለኝ። አሁን ምን ላድርግ? አዟዙረው የሚጠጡት ለምንድን ነው?

መልስ፦ መጀመሪያ ቻዋኑን ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ትንሽ አቆዪው። ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል፣ ግን ለራኩ ትልቅ ነገር ነው። ቀዳዳዎቹ ንጹሕ ውኃ ከጠጡ ሻዩን አይጠጡም፣ ቀለሙም ቶሎ አይገባም። ከዚያ ሙቅ ውኃ አዙሪበትና ድፊው፣ በጨርቅ አድርቂው። ደረቅና ቀዝቃዛ ቻዋን ላይ የፈላ ውኃ አትገልብጪ።

ለቀጭኑ ሻይ፣ ኡሱቻ ለሚሉት፣ 2 ግራም ያህል ማቻና 70 ሚሊ ሊትር ያህል ውኃ ይበቃል። ውኃው 80 ዲግሪ አካባቢ ይሁን፣ ከፈላ በኋላ ትንሽ ይረፍ ማለት ነው። በቀርከሃው መምቻ፣ በቻሴን፣ አረፋ እስኪያወጣ ቶሎ ቶሎ ምቺው። መምቻውን ግድግዳው ላይ እየፈገፈግሽ አይሁን፣ ጫፎቹ ይሰበራሉ፣ ግሌዙም አይወደውም። ወፍራሙ፣ ኮይቻ፣ ብዙ ማቻና ጥቂት ውኃ ነው። እሱ አይመታም፣ ቀስ ተብሎ ይታሻል። በሥነ ሥርዓቱ ላይ ኮይቻ ከአንድ ቻዋን ብዙ እንግዶች ተራ በተራ ይጠጡታል። ከንፈሩን እየጠረጉ ያቀባብሉታል።

ማዟዟሩ ከአክብሮት ነው። ቻዋን ፊት አለው። አስተናጋጁ ፊቱን፣ ያማረውን ጎን፣ ወደ እንግዳው አዙሮ ያቀርባል። እንግዳው ደግሞ በፊቱ በኩል አፉን ላለማድረግ ትንሽ ያዞረዋል። ጠጥቶ ሲጨርስ የነካውን ቦታ ጠርጎ ይመልሰዋል። ቀዩ ራኩ ላይ ፊቱን መለየት ቀላል አይደለም፣ ሥዕል የለበትምና። ደመናው ወይም የግሌዙ አወራረድ ደስ ያለሽን ጎን ፊት አድርጊው። ሠሪው በግልጽ ያመለከተው ከሆነ ግን የእሱን ተከተዪ።

ከጠጣሽ በኋላ ቻዋኑን ለማየት ከፍ አድርገሽ አታንሺው። ጃፓኖች ጎንበስ ብለው፣ ክርናቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳርፈው፣ ወለሉ አጠገብ ይዘው ነው የሚያዩት። ቢያመልጥ እንኳ አይሰበርም። ቀለበትና ሰዓትም ቀድሞ ይወልቃል። ራኩ ለስላሳ ነው፣ ቀለበት ይጭረዋል። ይህን ሥርዓት ሙሉውን መማር ካማረሽ ከሪኪዩ ዘር የወረዱት ኡራሴንኬ፣ ኦሞቴሴንኬና ሙሻኮጂሴንኬ የሚባሉ ሦስት ቤቶች አሉ። በጥቃቅን ነገር ይለያያሉና አንዱን መርጠሽ ያዢ።

ጥያቄ፦ በዲሽ ዋሸር ይታጠባል?

መልስ፦ በፍጹም። ማይክሮዌቭም አይገባም። ሳሙናም አታስነኩት፣ ጠጥቶት ይቀራል፣ በሚቀጥለው ቀን ማቻችሁ ሳሙና ሳሙና ይላል። ለብ ባለ ውኃ በጣት እያሹ ማጠብ ይበቃል። ቅባት ያለው ምግብ፣ ቡና፣ ወተት አታድርጉበት።

ጥያቄ፦ ኢንተርኔት ላይ «እውነተኛ ራኩ» እየተባለ በጥቂት ሺህ የን ይሸጣል። ሌላ ቦታ ደግሞ ሚሊዮን የን ይጠራበታል። የቱ ነው እውነተኛ?

መልስ፦ ሁለቱም ሊሆኑ ይችላሉ፣ ግን አንድ ነገር አይደሉም። ኪዮቶ ውስጥ ከቾጂሮ ጀምሮ የመጣው የራኩ ቤተሰብ አለ። ወደ 450 ዓመት ገደማ ሆኖታል፣ አሁን በ16ኛው ትውልድ ላይ ነው። የቤቱ አለቃ ኪቺዛኤሞን የሚለውን ስም ይወርሳል። በ2019 አባትዬው ስሙን ለልጁ አስረክቧል። በዚህ ቤት የግሌዝ ቀመር ከአባት ወደ ልጅ ተጽፎ አይተላለፍም። እያንዳንዱ ትውልድ የራሱን ፈልጎ ማግኘት አለበት። ለዚህም ነው የአንዱ ቻዋን የሌላውን የማይመስለው። የሦስተኛው ትውልድ አለቃ ዶንዩ ግሌዙን አንጸባራቂ አደረገው፣ ቾጂሮ ግን የማያንጸባርቅ አድርጎት ነበር። ሚሊዮን የን የሚጠራው በዚህ ቤት ሥራ ላይ ነው።

ከቤቱ ውጭም በራኩ መንገድ የሚሠሩ ብዙ ናቸው። ኪዮቶ ውስጥ አሉ። በካናዛዋ ያለው የኦሂ ቤትም በ1666 ከራኩ ቤት ሠልጥኖ በወጣ ሰው የተጀመረ ነው፣ እሱ በማር መልክ ግሌዙ ይታወቃል። የተማሪ ቻዋን በጥቂት ሺህ የን ይገኛል፣ ለመለማመጃ በጣም ጥሩ ነው። አንዳንዱ ግን በቅርጽ ማውጫ የተጨመቀ ነው። በእጅ የተሠራ መሆኑን ለማወቅ እግሩን ገልብጣችሁ እዩ፣ የመፋቂያው ምት ይታያል። ሁለት ሦስት ቻዋን ጎን ለጎን ስታደርጓቸው አንድ ዓይነት ጠማማነት ካላቸው ቅርጽ ማውጫ ነው።

የእኔ ምክር፦ ውዱን ከመመኘት ይልቅ በእጃችሁ የሚስማማውን ፈልጉ። ኪዮቶ የመሄድ ዕድል ካገኛችሁ የቤተሰቡ ሙዚየም አለ፣ በ1978 የተከፈተ። በመስታወት ውስጥ ከማየት አልፎ ጎብኚዎች ቻዋኖቹን በእጃቸው የሚይዙበት ዝግጅት ያደርጋል። ራኩን በዓይን ብቻ መገምገም አይቻልም፣ ለእጅና ለከንፈር ነው የተሠራው።

ጥያቄ፦ የአባቴ ስጦታ የነበረው ቀይ ቻዋኔ ከንፈሩ ላይ ተሰበረ። ቁራጩ አለኝ። በሱፐር ግሉ ላጣብቀው?

መልስ፦ ቆይ፣ እባክህ አታጣብቀው። ሱፐር ግሉ ሙቅ ውኃ ሲደጋገምበት ይለቃል፣ አፍህ የሚነካበት ቦታም ላይ ነው። ደግሞ አንዴ ቀዳዳዎቹ ውስጥ ከገባ በኋላ ለማውጣት መከራ ነው። ቁራጩን በለስላሳ ወረቀት ጠቅልለህ አስቀምጥ፣ ደቃቃውንም ቢሆን አትጣል።

የጃፓኑ መንገድ ኪንትሱጊ ነው። ኡሩሺ ከሚባል ዛፍ የሚወጣው ሙጫ ቁራጩን ያያይዘዋል፣ የጎደለውም በዚያው ሙጫ ተሞልቶ ይስተካከላል፣ መጨረሻ ላይ ወርቅ ዱቄት ይነሰነስበታል። ኡሩሺ የሚጠነክረው እርጥበት ባለበት ቦታ ነው፣ እያንዳንዱ ደረጃ መጠበቅ ስለሚፈልግ ሥራው ሳምንታት አንዳንዴም ወራት ይወስዳል። «የኪንትሱጊ ኪት» ተብለው የሚሸጡ ብዙዎቹ ኢፖክሲና ወርቅማ ቀለም ናቸው። ለጌጥ ይሆናሉ፣ ለሻይ ግን ትክክለኛውን ኡሩሺ የሚሠራ ባለሙያ ፈልግ። ጥሬ ኡሩሺ ቆዳን ክፉኛ ያሳክካልና ራስህ አትሞክረው።

የአባትህ ስጦታ ዋጋ ያጣ እንዳይመስልህ። ከ1558 እስከ 1637 የኖረው ሆናሚ ኮኤትሱ፣ ሰይፍ በመገምገምና በእጅ ጽሕፈት የታወቀ ሰው፣ ከራኩ ቤት ጋር እየተባበረ ቻዋን ይሠራ ነበር። «ሴፖ» የሚባል ቀይ ቻዋን አለው። እሳት ውስጥ ተሰነጠቀ፣ ስንጥቁም በወርቅ ተሞላ። ከኮኤትሱ ሥራዎች ሁሉ በጣም ከሚደነቁት አንዱ ነው።

ጥያቄ፦ ቻዋኑ ሲመጣ በቀላል የእንጨት ሳጥን ውስጥ ነበር፣ በላዩ በቀለም የተጻፈ የጃፓን ጽሑፍ አለው። ቦታ ያዘብኝ። ብጥለው ችግር አለው?

መልስ፦ ኧረ በፍጹም! ሳጥኑ ኪሪ ከሚባል እንጨት ነው፣ እርጥበትን ስለሚመጥን ዕቃውን ይጠብቃል። ክዳኑ ላይ ያለው ጽሑፍ ብዙ ጊዜ የዕቃውን ዓይነትና የሠሪውን ስም ይዟል፣ ማኅተምም ይኖረዋል። ጃፓን ውስጥ ቻዋን ሳጥኑ ከጠፋ ዋጋው ብዙ ይወርዳል፣ ማን እንደሠራው ማስረዳትም ያስቸግራል። አብሮ የመጣውን ጨርቅና ወረቀትም አስቀምጪ።

ግን ቻዋኑን እንዳጠብሽ ወደ ሳጥኑ አትመልሺው። ከላይ ደረቅ መስሎ ውስጡ እርጥብ ነው። ጥላ ባለበት ቦታ፣ እግሩ አየር እንዲያገኝ ጋደም አድርገሽ፣ ለቀናት ተዪው። እርጥቡን የዘጋሽበት እንደሆነ ይሸታል፣ ሻጋታም ያወጣል። ሽታው አንዴ ከገባ ደግሞ ለብ ባለ ውኃ እየነከሩ፣ እያደረቁ፣ እንደገና እየነከሩ ነው የሚወጣው። የሳጥኑን ጥብጣብ ገና ካልፈታሽው ከመፍታትሽ በፊት ፎቶ አንሺው። አስተሳሰሩ መልክ አለው፣ በኋላ ግራ ይገባሻል።